የግዴታ ቃላት በእንግሊዝኛ

የግዴታ ቃላት በእንግሊዝኛ ሰዋስው አንድ ሰው አንድን ነገር ማድረግ የሚገደድ፣ የሚጠበቅበት ወይም የሚመከር መሆኑን የሚገልጹ ቃላት ናቸው። ዋና ዋናዎቹ «ማስት»፣ «ሃቭ ቱ»፣ «ሹድ»፣ «ኦት ቱ»፣ «ሻል» እና «ኒድ ቱ» ናቸው። በአማርኛ አብዛኞቹ «አለበት» ወይም «ይገባዋል» ተብለው ይተረጎማሉ። በዚህ ምክንያት ለአማርኛ ተናጋሪ ሁሉም አንድ ዓይነት ሊመስሉ ይችላሉ። እንግሊዝኛው ግን የግዴታውን ክብደት፣ ግዴታው ከማን እንደመጣና ተፈጽሞ እንደሆነ በተለያዩ ቃላት ይለያል።

በኢትዮጵያ እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ ነው። የፌዴራል አዋጆች በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማሉ፤ ከውጭ ድርጅቶች ጋር የሚፈረሙ የሥራና የኪራይ ውሎችም ብዙ ጊዜ በሁለቱ ቋንቋዎች ይዘጋጃሉ። ስለዚህ የእነዚህ ቃላት ልዩነት ከፈተና ውጤት አልፎ መብትና ገንዘብን የሚነካ ነው።

የቃላቱ አመጣጥ

በአማርኛ «መክፈል አለብኝ» የሚለው አነጋገር የተሠራው «አለ» ከሚለው ግሥና በላዩ ያለ ሸክምን ከሚያመለክተው «-ብኝ» ነው። «መቶ ብር ዕዳ አለብኝ» ሲባልም አሠራሩ ያው ነው። አማርኛ ግዴታን ሰው ላይ እንዳለ ዕዳ ይቆጥረዋል ማለት ነው።

እንግሊዝኛም ተመሳሳይ መንገድ ተጉዟል። «ኦት» የሚለው ቃል «ዕዳ አለበት» የሚል ትርጉም ያለው «ኦው» የተባለ ግሥ የጥንት ኃላፊ ጊዜ ነው። «ሻል»ም በጥንታዊው እንግሊዝኛ ዕዳ መኖርን ይገልጽ ነበር፤ «ሹድ» ደግሞ የእርሱ ኃላፊ ጊዜ ነው። «ማስት» ግን የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ምንጩ «ተፈቅዶለታል» ወይም «ይችላል» የሚል ትርጉም የነበረው የጥንት ግሥ ሲሆን፣ በዘመናት ሂደት ከፈቃድ ወደ ግዴታ ተለውጧል።

የዓረፍተ ነገር አሠራር

በአማርኛ የግዴታው ቃል በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይመጣል፤ እንደ ባለቤቱም ይለዋወጣል፦ አለብኝ፣ አለብህ፣ አለብሽ፣ አለበት፣ አለባት፣ አለብን፣ አለባችሁ፣ አለባቸው። በእንግሊዝኛ ቃሉ በባለቤቱና በዋናው ግሥ መካከል ይገባል። «ማስት»፣ «ሹድ»፣ «ሻል» እና «ኦት» ረዳት ግሦች ስለሆኑ ከባለቤቱ ጋር አይለዋወጡም፦

• አይ ማስት ጎ፦ መሄድ አለብኝ።
• ሺ ማስት ጎ፦ መሄድ አለባት።
• ዜይ ማስት ጎ፦ መሄድ አለባቸው።

ከ«ማስት»፣ ከ«ሹድ» እና ከ«ሻል» ቀጥሎ የሚመጣው ግሥ ምንም ቅጥያ አይጨመርበትም፤ በመካከልም «ቱ» አይገባም። ስለዚህ «ሺ ማስት ቱ ጎ» ወይም «ሺ ማስት ጎዝ» ማለት ስሕተት ነው። «ኦት» ግን ሁልጊዜ «ቱ»ን ይፈልጋል፦ «ሺ ኦት ቱ ጎ»።

«ሃቭ ቱ» እና «ኒድ ቱ» እንደ ተራ ግሥ ይሠራሉ። ባለቤቱ «ሂ»፣ «ሺ» ወይም «ኢት» ሲሆን «ሃቭ ቱ» ወደ «ሃዝ ቱ»፣ «ኒድ ቱ» ደግሞ ወደ «ኒድዝ ቱ» ይለወጣል። ጥያቄና አሉታ የሚሠሩትም በ«ዱ»፣ በ«ዳዝ» ወይም በ«ዲድ» ነው፦ «ዳዝ ሺ ሃቭ ቱ ጎ?» መሄድ አለባት ወይ? ለወደፊት ጊዜ «ዊል ሃቭ ቱ» ይባላል። እንደ «ዊል» እና «ማስት» ያሉ ሁለት ረዳት ግሦችን አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ ስለማይቻል «ዊል ማስት» የሚባል ነገር የለም።

አጻጻፍና አነባበብ አንዳንድ ጊዜ ይለያያሉ። «ሹድ» ሲጻፍ በውስጡ «ኤል» የተባለው ፊደል አለ፤ ሲነበብ ግን አይሰማም። «ማስት ኖት» ሲያጥር «ማስንት» ተብሎ ይነበባል፤ የመጀመሪያው «ት» ይዋጣል። «ሃቭ ቱ» ደግሞ በንግግር «ሃፍ ቱ» ወደሚል ድምፅ ይቀርባል።

የክብደት ደረጃ

ቃላቱን ከከባዱ ወደ ቀላሉ እንደሚከተለው ማስቀመጥ ይቻላል፦

• «ማስት» እና «ሃቭ ቱ»፦ ጥብቅ ግዴታ፤ አማራጭ የለም። የአማርኛው አቻ «የግድ … አለበት» ነው።
• «ሻል»፦ በሕግ፣ በውልና በደንብ ጽሑፍ የሚሠራበት ግዴታ። በዕለታዊ ንግግር በዚህ ትርጉም እምብዛም አይሰማም።
• «ኒድ ቱ»፦ አስፈላጊነት። ሁኔታው የሚጠይቀው ነገር ነው፦ «ያስፈልገዋል»።
• «ሃድ ቤተር»፦ ማስጠንቀቂያ ያዘለ ምክር። «ዩ ሃድ ቤተር ሊቭ ናው» ማለት «አሁን ብትሄድ ይሻልሃል» ነው፤ ካልሄደ ችግር እንደሚመጣ ይጠቁማል። «ሃድ» በመልኩ ኃላፊ ጊዜ ቢመስልም ትርጉሙ የአሁን ወይም የወደፊት ነው።
• «ሹድ» እና «ኦት ቱ»፦ ምክር ወይም የሞራል ግዴታ፦ «ቢያደርግ ጥሩ ነው»፣ «ይገባዋል»። ባይፈጸም የሚያስቀጣ ሕግ እንዳለ በራሳቸው አይናገሩም።
• «ቢ ሳፖዝድ ቱ»፦ በደንብ ወይም በቀጠሮ የሚጠበቅ ነገር። ብዙ ጊዜ የተጠበቀው እንዳልሆነ ለመናገር ይጠቅማል። «ዘ ባስ ኢዝ ሳፖዝድ ቱ አራይቭ አት ኤት» ማለት አውቶቡሱ በሁለት ሰዓት እንዲደርስ ይጠበቃል ማለት ነው። እዚህ ላይ «ኤት» ስምንት ቢሆንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጠዋቱ 2 ሰዓት መሆኑን ልብ ይሏል።

የእንግሊዝ የመንገድ መመሪያ መጽሐፍ ይህን ልዩነት በግልጽ ይጠቀምበታል። በመጽሐፉ «ማስት» እና «ማስት ኖት» የተጻፈባቸው ደንቦች በሕግ የተደነገጉ ናቸው፤ የጣሰ ሰው ወንጀል ይፈጽማል። «ሹድ» የተባሉት ግን ምክሮች ናቸው። ሐሳቡን ወደ አዲስ አበባ አምጥቶ በጎተራ ማሳለጫ ላይ መሞከር ይቻላል። አሽከርካሪ ቀዩ የትራፊክ መብራት ሲበራ መቆም ግዴታው ስለሆነ «ማስት ስቶፕ» ይባላል። ወደየትኛው መስመር እንደሚታጠፍ ማሳለጫው ከመድረሱ በፊት ቢያስብ ግን ጥሩ ነው፤ ይህ «ሹድ» ነው። በአማርኛ ሁለቱም «አለበት» ሊባሉ ስለሚችሉ፣ እንግሊዝኛ ጸሐፊው ከመጻፉ በፊት «ባያደርገው ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ይጠቅመዋል።

በ«ማስት» እና በ«ሃቭ ቱ» መካከል ያለው ልዩነት

ሁለቱም ጥብቅ ግዴታን ይገልጻሉ፤ ልዩነታቸው ብዙ ጊዜ በግዴታው ምንጭ ላይ ነው። «ማስት» ግዴታው ከተናጋሪው ሲመነጭ ይመረጣል። አንድ ሰው «አይ ማስት ኮል ማይ ማዘር» ቢል እናቱ ጋ መደወል እንዳለበት ራሱ ተሰምቶታል። «ሃቭ ቱ» ደግሞ ግዴታው ከውጭ፣ ማለትም ከሕግ፣ ከአሠሪ ወይም ከሁኔታ ሲመጣ ይመረጣል። ጎተራ ኮንዶሚኒየም የሚኖርና ካዛንቺስ የሚሠራ ሰው «አይ ሃቭ ቱ ቢ አት ዎርክ ባይ ኤት» ሲል፣ የሥራ መግቢያውን ሰዓት የወሰነው እርሱ አለመሆኑን ይናገራል።

ይህ ልዩነት ዝንባሌ እንጂ የማይጣስ ሕግ አይደለም። በጽሑፍ ማሳሰቢያዎች ላይ «ማስት» የተቋምን ትእዛዝ ይገልጻል። በንግግር በተለይም በአሜሪካ «ሃቭ ቱ» ከ«ማስት» ይበልጥ ይዘወተራል። በአዎንታ ዓረፍተ ነገር አንዱን በሌላው መተካት ትርጉም እምብዛም አያዛባም፤ በአሉታ ግን ፈጽሞ ይለያያሉ።

አሉታ

ለአማርኛ ተናጋሪ ከሁሉ ይበልጥ አደናጋሪ የሆነው ክፍል ይህ ነው። በአማርኛ «መክፈል የለበትም» የሚለው ዓረፍተ ነገር እንደ አገባቡ ሁለት ትርጉም ሊሰጥ ይችላል፦ «እንዳይከፍል ተከልክሏል» ወይም «የመክፈል ግዴታ የለበትም»። እንግሊዝኛ እነዚህን በሁለት የተለያዩ ቃላት ይገልጻቸዋል፦

• «ሂ ማስት ኖት ፔይ»፦ መክፈል ክልክል ነው፤ እንዳይከፍል።
• «ሂ ዳዝ ኖት ሃቭ ቱ ፔይ»፦ የመክፈል ግዴታ የለበትም፤ ከፈለገ ግን መክፈል ይችላል።

«ዳዝ ኖት ኒድ ቱ» እና «ኒድንት» ከሁለተኛው ጋር ተመሳሳይ ትርጉም አላቸው። «ሹድ ኖት» ደግሞ «ባያደርግ ይሻላል» የሚል ምክር ነው።

ለምሳሌ በጎተራ አንድ ቤት ለውጭ አገር ዜጋ ተከራየ እንበል። የአማርኛው ውል «ተከራይ የውኃ ክፍያ መክፈል የለበትም» ይላል። አከራዩ ሊናገር የፈለገው ውኃ በኪራዩ ውስጥ የተካተተ መሆኑን ነው። ተርጓሚው «ዘ ቴናንት ማስት ኖት ፔይ» ብሎ ቢጽፍ፣ ተከራዩ የውኃ ሂሳብ እንዳይከፍል ተከልክሏል ማለት ይሆናል። ትክክለኛው «ዘ ቴናንት ዳዝ ኖት ሃቭ ቱ ፔይ» ነው። በተቃራኒው «ተከራይ ቤቱን ለሌላ ሰው ማከራየት የለበትም» የሚለው «ዳዝ ኖት ሃቭ ቱ» ተብሎ ቢተረጎም ክልከላው ይጠፋል፤ ተከራዩ ከፈለገ ለሌላ ሊያከራይ ይችላል። ከመተርጎም በፊት የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር «አይገደድም» ወይም «ክልክል ነው» በሚለው ተክቶ ማንበብ የትኛው እንደተፈለገ ያሳያል።

ኃላፊ ጊዜ

«ማስት» የግዴታን ኃላፊ ጊዜ የሚገልጽ የራሱ ቅርጽ የለውም። «ትናንት መሄድ ነበረብኝ» ለማለት «የስተርዴይ አይ ማስት ጎ» አይባልም። ትክክለኛው ምርጫ የሚወሰነው ነገሩ ተፈጽሞ እንደሆነ ነው፤ ምክንያቱም «መሄድ ነበረብኝ» በአማርኛ ሁለቱንም ሊያመለክት ይችላል፦

• «አይ ሃድ ቱ ጎ»፦ መሄድ ግዴታ ሆነብኝ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሄጃለሁ።
• «አይ ሹድ ሃቭ ጎን»፦ መሄድ ይገባኝ ነበር፤ ግን አልሄድኩም።

የመጀመሪያው የሆነውን ነገር ምክንያት ይሰጣል፤ ሁለተኛው ጸጸት ነው። ስለሌላ ሰው ሲነገር ደግሞ ወቀሳ ይሆናል፦ «ዩ ሹድ ሃቭ ቶልድ ሚ» ማለት «ልትነግረኝ ይገባ ነበር» ነው። አንድ ሠራተኛ ለአለቃው «ሪፖርቱን ትናንት መላክ ነበረብኝ» ለማለት «አይ ሃድ ቱ ሴንድ ዘ ሪፖርት የስተርዴይ» ብሎ ቢጽፍ፣ አለቃው ሪፖርቱ እንደተላከ ሊገምት ይችላል። አልተላከም ለማለት «ሹድ ሃቭ ሴንት» ያስፈልጋል።

ግምትን መግለጽ

«ማስት» ከግዴታ ሌላ ጠንካራ ግምትንም ይገልጻል። በዚህ ረገድ አማርኛና እንግሊዝኛ ይመሳሰላሉ። «መብራቱ በርቷል፤ ቤት መሆን አለበት» የሚለው «ሂ ማስት ቢ አት ሆም» ይባላል፤ ቤት እንዲሆን የሚያስገድደው ግን የለም። ላለፈ ነገር ግምት «ማስት ሃቭ» ይሠራል፦ «ሂ ማስት ሃቭ ጎን» ማለት «ሄዶ መሆን አለበት» እንጂ «መሄድ ነበረበት» አይደለም። የግምት አሉታ ብዙ ጊዜ በ«ካንት» ይነገራል፦ «ሂ ካንት ቢ አት ሆም»፣ ማለትም «ቤት ሊሆን አይችልም»።

ትሕትና

አማርኛ ለእኩያና ለታላቅ የተለያየ አነጋገር አለው፦ «መምጣት አለብህ» እና «መምጣት ይኖርብዎታል» አንድ አይደሉም። እንግሊዝኛ ለሁሉም «ዩ» ስለሚል አክብሮቱ በግዴታው ቃል ምርጫና በጥያቄ መልክ ይገለጻል። ለመምህር ወይም ለአለቃ «ዩ ማስት ሳይን ዚስ» ብሎ መጻፍ ትእዛዝ ይመስላል። «ኩድ ዩ ፕሊዝ ሳይን ዚስ?» ማለት «እባክዎ ይህን ቢፈርሙልኝ» ከሚለው ጋር ይቀራረባል።

በግብዣ ጊዜ ግን «ማስት» ወዳጅነትን ይገልጻል። «ዩ ማስት ካም ፎር ዲነር» ማለት እንግዳን «የግድ መጥተህ ራት መብላት አለብህ» እንደማለት ነው፤ የሚሰማውም እንደ ፍቅር እንጂ እንደ ማስገደድ አይደለም። «ሻል»ም በጥያቄ ሲመጣ ግዴታነቱ ይቀራል፦ «ሻል ዊ ጎ?» ማለት «እንሂድ?» ነው።

በሕግና በውል

በእንግሊዝኛ የሕግ ጽሑፍ «ሻል» ግዴታን፣ «ሜይ» ፈቃድን ወይም ሥልጣንን፣ «ሻል ኖት» ክልከላን ይገልጻሉ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 25 ቀን 1963 በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተርም እንደ ሌሎች ዓለም አቀፍ ሰነዶች የአባላቱን ግዴታና የአካላቱን አሠራር በ«ሻል» ይደነግጋል። አማርኛው የሕግ ቋንቋ ለዚህ አንድ ቋሚ ቃል የለውም። «አለበት»፣ «ይኖርበታል»፣ «ይሆናል» ወይም ተራ የትንቢት ግሥ፣ ለምሳሌ «ይከፍላል»፣ ሁሉም በግዴታ ትርጉም ይገባሉ። «ሜይ» ደግሞ «ይችላል» ተብሎ ይተረጎማል።

«ሻል» አሻሚ ነው የሚል ትችትም አለ፤ አንዳንዴ ግዴታን፣ አንዳንዴ የወደፊት ጊዜን ብቻ ይገልጻልና። በዚህ ምክንያት በአሜሪካ የመንግሥት የግልጽ ጽሑፍ መመሪያ በ«ሻል» ምትክ «ማስት»ን ይመክራል። የአገሪቱ የፌዴራል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንቦችም እ.ኤ.አ. በ2007 በአዲስ አጻጻፍ ሲወጡ «ሻል» በሌሎች ቃላት ተተክቷል።

የኢትዮጵያ ሕግ ሁለቱ ቋንቋዎች ሲጋጩ የትኛው እንደሚጸና ወስኗል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 106 የአማርኛው ቅጂ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው መሆኑን ይደነግጋል። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987ም ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲታተምና ልዩነት ሲኖር የአማርኛው እንዲጸና ያደርጋል። ስለዚህ በአዋጅ የእንግሊዝኛ ክፍል ላይ «ሜይ» አይቶ ግዴታ የለብኝም ብሎ የሚደመድም አንባቢ የአማርኛውን ዓምድ ማመሳከር ይኖርበታል። በግለሰቦች ውል ላይ ግን የትኛው ቋንቋ እንደሚጸና ተዋዋዮቹ ራሳቸው በአንድ አንቀጽ ቢጽፉት ክርክር ይቀንሳል።

የውጫሌ ውል

በኢትዮጵያ ታሪክ በፈቃድና በግዴታ መካከል ያለው ልዩነት ያስከተለው ትልቁ ጉዳት የውጫሌ ውል ነው። ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በጣልያኑ ልዑክ በፒየትሮ አንቶኔሊ መካከል በአማርኛና በጣልያንኛ ተፈረመ። የአማርኛው አንቀጽ 17 ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣልያን መንግሥት አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የጣልያንኛው ግን በዚህ መንገድ ለመጠቀም ተስማምተዋል የሚል ቃል ነበረው፤ የጣልያን መንግሥትም ይህን እንደ ግዴታ ቆጥሮ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ሲል ለአውሮፓ መንግሥታት አሳወቀ።

ምኒልክ ትርጓሜውን ተቃወሙ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን እንደማይቀበሉም አስታወቁ። አለመግባባቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ወደተካሄደው የዓድዋ ጦርነት ካደረሱት ዋና ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ከድሉ በኋላ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌን ውል ሰረዘ፤ የኢትዮጵያንም ሙሉ ነጻነት አረጋገጠ። ጉዳዩ የጣልያንኛ እንጂ የእንግሊዝኛ አልነበረም። ሆኖም ጥያቄው በ«ሜይ» እና በ«ሻል» መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ነው።

በኮምፒውተር መስፈርቶች

የኢንተርኔት መስፈርት ጸሐፊዎችም ተመሳሳይ ችግር ስለገጠማቸው ለቃላቱ ቋሚ ትርጉም ሰጥተዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1997 በስኮት ብራድነር የተዘጋጀው «አር ኤፍ ሲ 2119» የተባለ ሰነድ ቃላቱን እንዲህ ይለያቸዋል፦

• «ማስት» እና «ሻል»፦ ፍጹም ግዴታ። ሁለቱ እኩል ናቸው።
• «ማስት ኖት»፦ ፍጹም ክልከላ።
• «ሹድ»፦ በቂ ምክንያት ካለ ሊታለፍ የሚችል፣ ግን የሚያስከትለው ነገር አስቀድሞ መመዘን ያለበት ምክር።
• «ሜይ»፦ ሙሉ በሙሉ በፈቃድ ላይ የተመሠረተ።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው «አር ኤፍ ሲ 8174» ደግሞ እነዚህ ልዩ ትርጉሞች የሚሠሩት ቃላቱ በሙሉ በትልልቅ የላቲን ፊደላት ሲጻፉ ብቻ መሆኑን ግልጽ አደረገ። «ሹድ»ን እንደ «ማስት» አንብቦ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሌላው ወገን ምክሩን የግድ እንደሚከተል ይገምታል፤ ሌላው ወገን ሳይከተል ሲቀር ሁለቱ ፕሮግራሞች ሳይግባቡ ሊቀሩ ይችላሉ።

የተለመዱ ስሕተቶች

በአማርኛ ተናጋሪ ተማሪዎች ጽሑፍ የሚታዩ ስሕተቶችና እርማታቸው የሚከተሉት ናቸው፦

• «አይ አም ማስት ስተዲ»፦ ከ«ማስት» በፊት «አም» አይገባም። ትክክሉ «አይ ማስት ስተዲ» ነው።
• «ሂ ማስት ቱ ስተዲ»፦ «ቱ» ይወጣል። ትክክሉ «ሂ ማስት ስተዲ» ነው።
• «ሺ ሃቭ ቱ ስተዲ»፦ ባለቤቱ «ሺ» ስለሆነ «ሺ ሃዝ ቱ ስተዲ» ይባላል።
• «ሺ ዳዝ ኖት ሃዝ ቱ ስተዲ»፦ «ዳዝ» ካለ ግሡ ወደ መሠረቱ ይመለሳል። ትክክሉ «ሺ ዳዝ ኖት ሃቭ ቱ ስተዲ» ነው።
• «ዩ ኦት ጎ»፦ «ኦት» ያለ «ቱ» አይቆምም። ትክክሉ «ዩ ኦት ቱ ጎ» ነው።
• «ዊ ማስት ዌይት የስተርዴይ»፦ ላለፈ ግዴታ «ዊ ሃድ ቱ ዌይት የስተርዴይ» ይባላል።
• «ዩ ሹድ ሃቭ ጎ»፦ ከ«ሹድ ሃቭ» በኋላ ሦስተኛው የግሥ ቅርጽ ይመጣል። ትክክሉ «ዩ ሹድ ሃቭ ጎን» ነው።